ስለ ስድስተኛው ማሽን የተሰጠ ተጨማሪ ቃል

የመስካሪው ስም፦ አቶ አሕመድኑር ያሲን
ዕድሜ፦ 57
ሥራ፦ የጽሕፈትና የኮምፒውተር አገልግሎት ቤት ባለቤት
አድራሻ፦ ቦረና ወረዳ፣ መካነ ሰላም ከተማ፣ ቀበሌ 02
ቀን፦ ጥር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተጠቀሰው ግለሰብ፣ ትናንት በሰጠሁት ቃል ተይዞ በጣቢያው ስለሚገኘው ሠራተኛዬ ይሄነው ንጉሡ ማንም ሳያስገድደኝ ይህን ተጨማሪ ቃል ሰጥቻለሁ። ይሄነው አባቱ በሕይወት ስለሌሉ የፊታችን እሑድ ወደ ከላላ ወርዶ ሊያገባት ያሰባትን ልጅ የሚጠይቅለት ሽማግሌ እኔ ነኝ። እስላም ነህ ክርስቲያን ነኝ ሳይል የለመነኝ እሱው ነው።

በቤቴ ያሉት ኮምፒውተሮች አምስት ናቸው። ወላሂ አምስት ናቸው፤ ከደሴ አስጭኜ ያመጣኋቸው እኔው ነኝ። ሰኞ ዕለት ኢንተርኔቱ ሲንቀራፈፍብኝ የኢንተርኔቱን ሳጥን ገጽ ከፍቼ የተገናኙትን ማሽኖች ብመለከት ስድስት ሆነው አገኘኋቸው። ስልክ እንዳይገናኝ ከልክያለሁ። ታዲያ ስድስተኛው የማን ነው? መሰላል አቁሜ ኮርኒሱን ፈተሽኩ። የወረቀት ካርቶኖቹን ገለበጥኩ። ግድግዳ የምንጋራትን ወ/ሮ ፈይዛን ጓዳሽን አሳይኝ ብላት፣ "ደግሞ ዛሬ ምን ለከፈህ?" ብላ በሩን ዘጋችብኝ። ሰው ተጠራጣሪ ይለኛል። የሰው መታወቂያ፣ የሰው የቤት ካርታ የማባዛ ሰው ነኝ፤ እኔ ካልጠረጠርኩ ማን ይጠርጥርልኝ?

ይሄነውን ጠየቅኩት። "አብሽሩ ጋሼ፣ እሱ የኛው ነው" አለኝ። የኛው ከሆነ የት አለ ብለው ዞር ብሎ ማባዣው ላይ ወረቀት መሙላት ጀመረ። በዚህ ጊዜ ጥርጣሬዬ ባሰ። ረቡዕ ጧት እሱ ሳይገባ ማሽኖቹን ተራ በተራ እያጠፋሁና እያበራሁ የሳጥኑን ገጽ በሌላው ማሽን አየሁ። አራቱን ስሞክር ስድስተኛው ንቅንቅ አላለም። የራሴን ሳጠፋ ግን አብሮ ጠፋ። ደሜ ፈላ። በገዛ ማሽኔ ውስጥ ሰላይ አስቀምጦ የደንበኞቼን ሰነድ እየቀዳ ይሸጣል ብዬ አመንኩ። ማሽኑን ታቅፌ ጣቢያ መጣሁና "ሌባ ነው" ብዬ አስያዝኩት።

በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ የልጅቱ አባት አቶ በላይ ከከላላ ደወሉልኝ። ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። "እርስዎ ይዘውልን የሚመጡት ልጅ በስርቆት ታስሯል የሚባለው እውነት ነው?" አሉኝ። ከልጁ ጋር አራት ዓመት ሠርቻለሁ፤ አንድ ቀን እጁ አመል ሲያሳይ አላየሁም። ይህን ማለት ስችል "እስኪጣራ ነው" አልኳቸው። ስልኩን ሳይሰናበቱኝ ዘጉት።

ዛሬ ጧት ጣቢያው የጠራት የኮምፒውተር ባለሙያ ወ/ሪት ኢልሀም ማሽኑን በፊቴ ከፈተችው። ማሽኑ የሚሠራበት ሊኑክስ የሚባል ሥርዓት በውስጡ ሌላ ትንሽ ሊኑክስ በግርዶሽ ለይቶ እንደሚያሠራ፣ ይህም ኮንቴይነር እንደሚባል፣ የራሱ ስምና አድራሻ ስላለው በሳጥኑ ገጽ ላይ ራሱን የቻለ ማሽን መስሎ እንደሚታይ፣ ቀላል ስለሆነ አሮጌ ኮምፒውተርም እንደሚችለው፣ ውስጡ የፈለገ ነገር ቢበላሽ ግርዶሹን እንደማያልፍና እሱን ጥሎ ወዲያው ሌላ መተካት እንደሚቻል ነገረችኝ። እኔ ኮንቴይነር የማውቀው በተሳቢ የሚጫነውን ብረት ነው። "ይሁን፣ ውስጡ ያለው ሰው ማነው?" አልኳት። ከፍታ አሳየችኝ። ስለ ውሃ መቋረጥ የጻፍኩት አቤቱታ አለ። የልጄ የሠርግ ፎቶ አለ። "እርስዎ ነዎት" አለችኝ።

ይሄነው ቀርቦ ሲጠየቅ፣ "ጋሼ የማያውቁትን ፋይል ካዩ ይሰርዛሉ። ሁለት ጊዜ ማሽኑን አበላሽተው የደንበኛ ሥራ ጠፍቶብናል። አይሰርዙ ስላቸው ምን ደብቀህ ነው ይሉኛል። ስለዚህ እንዳሻቸው ቢሰርዙ ቤቱ እንዳይጎዳ የብቻቸውን ክፍል ሠራሁላቸው። ከጥቅምት ጀምሮ የሚሠሩት እዚያ ውስጥ ነው" አለ። ሱብሃነላህ! ኮርኒስ ለኮርኒስ ስፈልገው የነበረው እኔኑ ኖሯል። በሳጅኑ ፊት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሳይነግረኝ ማድረጉ አሁንም ያንገበግበኛል፤ ይኸም ይጻፍልኝ። ግን ቢነግረኝ ኖሮ በዚያችው ሰዓት እሰርዘው ነበር። ልጁ ይህን አሳምሮ ያውቃል።

ስለዚህ ክሴን ትቻለሁ፤ ይሄነው ዛሬውኑ እንዲለቀቅ አመለክታለሁ። ከጧት ጀምሮ አቶ በላይ ጋ ብደውል አያነሱም። ልጁ ከስርቆት ነፃ ነው የሚል ማኅተም ያለው ወረቀት ይሰጠኝ ብዬ ብጠይቅ፣ ሳጅኑ እንዲህ ያለ ወረቀት ጣቢያው እንደማይሰጥ፣ ማግኘት የምችለው የዚህን ቃል ቅጂ ብቻ መሆኑን ነገረኝ። እንግዲያው እኔን መሳቂያ የሚያደርገኝን አውጣልኝ አልኩት። የተሰጠ ቃል እንደማይሰረዝ አስረዳኝ። ይሁን። እሑድ ከላላ ሄጄ፣ በአቶ በላይ ቤት፣ በሽማግሌዎችና በልጅቱ በየኔአለም ፊት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ድምፄን ከፍ አድርጌ ራሴ አነበዋለሁ።

ቃሌ ተነቦልኛል፤ ራሴም ወረቀቱን ተቀብዬ መስመር በመስመር አይቼዋለሁ። እውነት ነው። እውነት ያልነበረው ትናንት የሰጠሁት ነው።

የመስካሪው ፊርማ፦ አሕመድኑር ያሲን
ቃሉን የተቀበለው፦ ዋና ሳጅን አራጌ፣ ፊርማ