የእናት መኝታ በየት በኩል ይሁን?

ቤት ሊሠራ ያሰበ ሰው ይህን ጽሑፍ ቢያነብልኝ ደስ ይለኛል። የምጽፈው ግን ለምክር ብቻ አይደለም። መናገር ሲገባኝ ዝም ያልኩበት አንድ ቀን አለ፤ እሱን ከሆዴ ላወጣው ብዬም ነው።

በ፲፱፻፶፮ ዓ.ም. በጥር ወር፣ አንድ ቅዳሜ ጧት፣ ለተማሪዎቼ የእንጨት ሥራ መለማመጃ የሚሆን ጣውላ ልገዛ ወደ ነቀምቴ ገበያ እወርድ ነበር። ከመንገዱ በላይ ባለው ተዳፋት ላይ አንድ ሽማግሌ ከሴት ልጃቸው ጋር ገመድና ችካል ይዘው ሲከራከሩ አየሁ። ሽማግሌው ኦቦ ዋቅወያ ናቸው። የቡና ንግዳቸውን ትተው ለቤተሰባቸው የቆርቆሮ ቤት ሊሠሩ መነሣታቸውን ሰምቼ ነበር። ልጃቸው ደራርቱ አዲስ አበባ የነርስነት ትምህርት ትማራለች፤ ለገና መጥታ ገና አልተመለሰችም።

«አካም ቡልተን፣ እንደምን አደሩ፣ መምህር መሸሻ» አሉኝ። «እንኳን መጡ። ይህቺ ልጅ ቤቴን ልታጣምምብኝ ነው፤ እስቲ ይፍረዱን።»

የሁለቱንም ሐሳብ ተራ በተራ ሰማሁ። ኦቦ ዋቅወያ ወለሉ ከዳር እስከ ዳር አንድ ልክ እንዲሆን ይፈልጋሉ። ስለዚህ ተዳፋቱ ከኋላ በሰው ቁመት ተቆፍሮ ይቆረጣል፣ ከፊት ደግሞ በድንጋይ ይሞላል። ሳሎኑ ሰፊ ሆኖ ወደ መንገዱ ይዞራል። ከሳሎኑ ኋላ፣ የተቆረጠውን አፈር ተደግፎ፣ ጓዳው ይሆናል። እዚያ የሚተኙት አሮጊት እናታቸው አዴ ብርቄ ናቸው። በእነሱ ዘንድ የእናት ቦታ ከሁሉ ወደ ውስጥ ነው። ነፋስ አያገኛትም፣ አላፊ አግዳሚ አያያትም። እናትን ወደ ዳር ማውጣት ክብሯን መንካት ነው አሉኝ።

ደራርቱ ደግሞ ከደብተሯ የገነጠለችውን ወረቀት አሳየችኝ። በሥዕሏ ላይ ቤቱ ጠበብ ብሎ የተዳፋቱን ወርድ ይዞ ይረዝማል። ወለሉ ለሁለት ተከፍሎ በመካከሉ ሁለት ደረጃ አለው፤ ቁፋሮው ከጉልበት አያልፍም። የአያቷ ክፍል ጧት ፀሐይ በሚገባበት ጫፍ ነው። ከቤቱ በላይ ቦይ፣ ከቤቱ በታች ራቅ ብሎ ሽንት ቤት ሥላለች። የልጅ እጅ የሣለው ቢሆንም የሚጣል ነገር አልነበረውም።

«አባ፣ ውሃው ከላይ ነው የሚመጣው» አለች። «መሬቱን በቆረጥነው መጠን ወደ ግድግዳችን እናቀርበዋለን።»

«ቆርቆሮ ላለብሰው አይደለም እንዴ? በየት በኩል ይገባል?»

«በጣራው አይደለም፤ በግድግዳው ሥር ነው። የአኮም ደረታቸው ደካማ ነው።» አያቷን አኮ ነው የምትላቸው።

«ሆድ ዕቃው ውስጥ ደረጃ ያለው ቤት! ዋቅወያ መሬቱን ማስተካከል ቢያቅተው ቤቱን ሰበረው ይበሉኝ? እናቴስ ብትደናቀፍ?»

«የእሳቸው ክፍል ከጓሮው ጋር እኩል ነው፤ በራሳቸው በር ይወጣሉ። ደረጃውን የምንወጣው እኛ ነን።»

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩና «እሺ መምህር፣ እርስዎ ምን ይላሉ?» አሉ።

እውነቱን አውቀው ነበር። አኖ ከተማ እንዲህ በተቆረጠ አፈር ላይ የተደገፈ ቤት በሁለት ክረምት ግድግዳው ሲቦካ በዓይኔ አይቻለሁ። ነገር ግን አንድ ሽማግሌ ልጃቸው ፊት እንዴት ላሳፍር? ስንት ቀን ማዕዳቸውን ቆርሻለሁ። ይሉኝታ ያዘኝና «ሁለቱም ደግ ሐሳብ ነው፤ የቤቱ ጌታ ግን እርስዎ ነዎት» አልኩ። ደራርቱ ወረቀቷን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ኦቦ ዋቅወያ ደስ ብሏቸው ችካላቸውን መቱ።

ቤቱ በሚያዝያ አለቀ። ሲመረቅ ተጠርቼ በላሁ፣ ጠጣሁ፣ አመሰገንኩም። ደራርቱ ከአዲስ አበባ ቦዩ ሳይረሳ ከክረምት በፊት ይቆፈር ብላ ጽፋ ነበር። አባቷ ግን ጓሮው ይበላሻል ብለው ለከርሞ አሉት።

የወለጋን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል። በሐምሌ መጨረሻ አዴ ብርቄ ማሳላቸውን ሰምቼ ልጠይቃቸው ሄድኩ። አልጋቸው ከጓዳው መካከል ቆሟል። ለምን ከግድግዳው እንደራቀ ብጠይቃቸው ፈገግ ብለው፣ ከበሩ ቀረብ ስል የሰው ድምፅ እሰማለሁ ብዬ ነው አሉኝ። ስወጣ የኦቦ ዋቅወያ ባለቤት ድርቤ ተከትላኝ እያለቀሰች ነገረችኝ። አሮጊቷ ግድግዳው በራሰ ቁጥር አልጋቸውን በየሳምንቱ አንድ ስንዝር እየሳቡ ነው መካከል የደረሱት። ለልጄ እንዳትነግሪው፣ ይህን ክፍል ለእኔ ክብር ብሎ ነው የሠራው ብለው አስምለዋታል። ተመልሼ ግድግዳውን ስነካው እስከ ወገቤ ድረስ ጠቁሯል፤ ጭቃው በእጄ ቀረ።

ያን ቀን ግን ዝም አላልኩም። ኦቦ ዋቅወያን ጠርቼ አሳየኋቸው። መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አሳረፉ። ከዚያ እናታቸውን አቅፈው ወደ ሳሎኑ አወጧቸው። ሳሉ ግን ከደረታቸው አልወጣም። አዴ ብርቄ በነሐሴ ሃያ አረፉ። ሐኪሙ እርጅናም አለበት ብሏል፤ ግድግዳው ገደላቸው አልልም። ያ ክረምት በደረቅ ክፍል ቢያልፍላቸው ኖሮ ግን እላለሁ፣ ዛሬም እላለሁ። ለቀስተኛው በዚያ በደረቀው፣ ባማረው ሳሎን ተቀምጦ አለቀሰላቸው።

በጥቅምት ኦቦ ዋቅወያ አስጠሩኝ። ደራርቱም ለአያቷ አርባ ከመጣች ወዲህ አልተመለሰችም ነበር።

«ያቺ ወረቀት አለች?» አሏት።

ከቦርሳዋ አወጣች። ተቀብለው ጉልበታቸው ላይ ዘረጉና ወደ እኔ ቀና አሉ።

«መምህር፣ ያን ቀን እውነቱን ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉ?»

«አክብሬዎት ነው፣ ኦቦ።»

«በልጄ ፊት ቢያሳፍሩኝ ኖሮ» አሉ ቀስ ብለው፣ «እናቴ በደረቅ አልጋ ትተኛ ነበር።»

 

በዚያው ሳምንት ሥራ ጀመርን። ከሁሉ አስቀድመን ከቤቱ በላይ ቦይ ቆፈርን። ጓዳው ፈረሰና ግድግዳው ከተቆረጠው አፈር አራት እርምጃ ራቀ፤ ሥሩም በድንጋይ ተነሣ። ወለሉ ከፍ ሲል ሁለት ደረጃ ገባበት። በፀሐይ መውጫ በኩል አንድ ክፍል ተጨመረ። ደራርቱ ትለካለች፣ አባቷ ችካል ይመታሉ፣ እኔ ገመድ እይዛለሁ።

በተከታዩ ክረምት ውሃው በቦዩ ዞሮ ወደ ታች ወረደ። የድርቤ እህል መሻገቱን ተወ፤ አብረዋቸው የሚኖሩት የልጅ ልጆቻቸውም ሳል ቆመ። ደረጃውን አይቶ የሳቀ አንድም ሰው አልነበረም። ጎረቤታቸው ኦቦ ኩማ ቤት ሊሠሩ ሲነሡ ኦቦ ዋቅወያ ሳይጠሩ ሄደው፣ መጀመሪያ ውሃው በየት እንደሚወርድ በዝናብ ቀን ቆመህ እይ፣ ከዚያ ቦዩን ቆፍር፣ ከዚያ ደካማው የሚተኛበትን ደረቅ ቦታ ምረጥ፣ ሳሎኑ በተረፈው ይሁን፣ ልጅ ካለህም ጠይቅ ብለው መከሯቸው። እኔም ዛሬ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ይህንኑ እላለሁ፤ ላልጠየቀኝም እላለሁ።

በፀሐይ መውጫ ባለው ክፍል ማንም አይተኛም። ኦቦ ዋቅወያ የእናታቸውን አልጋ እዚያ አስገብተው አንጥፈውታል። አልጋው ከግድግዳው ጋር ተጠግቶ ቆሟል። ሁለት ክረምት አልፎበታል፤ አንድ ስንዝር አልተሳበም።