አሥራ ሦስተኛው ክፍያ

«ግቢ፣ ሪሃና፣ ግቢ። ጭቃው ደህና አድርጎ ያዘሽ፣ አይደል? ተይው፣ ጫማሽን አታውልቂ፤ በረንዳ ነው፣ መስጊድ አይደለም። አባትሽ ደህና ነው? ዛሪማስ ዝናቡ እንዲህ ነው? እዚህማ ሰማዩ ተቀዷል። ልጣፈው ብል ክር አይበቃኝም...»

ዐብዱረሕማን ይህን ሲል ቀና አላለም። እግሩ የስፌት መኪናዋን መርገጫ፣ ዓይኑ መርፌዋን አልለቀቀም። ጎንደር አዲስ ዓለም ሰፈር፣ ያቺው በረንዳ ላይ ሃያ ዓመት ልብስ የሰፋ ሰው ነው። ቃል ይቆጥባል። ደንበኞቹ ልብስ ሰጥተውት ልብስ ተቀብለው ይሄዳሉ እንጂ ወሬ ከሱ አግኝተው አያውቁም። ያን ቀን ግን ማውራት ነበረበት።

ሪሃና ዛሪማ ያለው የወዳጁ የኢምራን ልጅ ናት። ሰፈሩ ውስጥ ጸጉር ቤት ልትከፍት ሁለት ክፍል ተከራይታለች፤ መብራት ግን የላትም። ቆጣሪ ካለው ጎረቤት መስመር መቀጠል አለባት። መስመር ሊሰጧት የሚችሉ ባለቆጣሪ ቤቶች፣ ሁለት በሮች፣ አሉ፤ የመብራት ሠራተኛው የሻው መሰላሉን አስደግፎ የትኛው እንደሆነ እስክትነግረው ይጠብቃል። ሦስት መቶ ብር በእጇ ጨብጣለች። ያላት እሱ ነው። የመጣችውም «የቱ ይሻለኛል?» ብላ ልትጠይቅ ነበር።

አልጠየቀችም። አግዳሚው ላይ፣ ከመኪናዋ ሁለት ክንድ ርቀት፣ ከሁለቱ በሮች የአንዱ ባለቤት ተቀምጠዋል። የድሮ ነጋዴ ቤት ልጅ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌ ናቸው። ልጅቱ እዚህ እንደምትመጣ ገምተው ቀድመዋት፣ ሱሪ ላሳጥር ብለው መጥተዋል። ዐብዱረሕማን ሱሪውን ሲለካው ልካቸው ነበር። ዝም ብሎ ጠርዙን ፈታና እንደገና እዚያው ላይ ይሰፋው ጀመር።

«የሻው መሰላል ላይ ነው አሉኝ። ይቆይ። ዝናቡም አላባራ። እኚህ አባታችን ሱሪያቸው እስኪደርስ እኛ እንጫወት። ይስሙን፣ ምን ምስጢር አለን? የምናወራው ስለ ሌላ ሰው ነው። ስለ ሩቅ ሰው...

«እኔማ ስለ መብራት ምን አውቃለሁ? ይቺ መኪና በእግር ነው የምትሄደው። "ሞተር ግጠምላት፣ ትገላገላለህ" ይሉኛል። እግሬን ግን ማንም መጥቶ አያጠፋብኝም። ስለዚህ ምክር አትጠብቂ። የሰማሁትን ብቻ ልንገርሽ።

«የራስሽን ቆጣሪ ተመዝግበሻል፤ ተራሽ ሲደርስ ይደርሳል። እስከዚያ ያ ጸጉር ማድረቂያ ካስክ በዱዓ አይሞቅም። እንግዲህ አንደኛው በር የወይዘሮ ለተ ማርያም ነው፤ የሟቹ መሪጌታ ሚስት። እሷ ዘንድ ምንም የለም፣ ሪሃና። ምንም! ወር ሲሞላ የመብራት ቢሉን አምጥታ ፊትሽ ትዘረጋለች። "ይኸው፣ አንብቢው" ትላለች። የፈጀሽውን ታካፍልሻለች። አበቃ። ስጦታ የላት፣ ሽልማት የላት። ሽቦውን እንኳ "ራስሽ ግዢ፣ አርባ ሜትር ይበቃሻል" የምትል ሴት ናት። ይህን ያህል ደረቅ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? ባለፈው ወር ከሷ መስመር ለቀጠለ አንድ ሻይ ቤት ስሌቱን አሳስታ ኖሮ፣ አሥራ አንድ ብር ልትመልስ ሄደች አሉ። በየት በር ሄደች መሰለሽ? በጓሮ! ሰው በማያይበት! እስቲ አሁን ይኼ መመለስ ይባላል? ማን ይመርቃታል? ማን ስሟን ያነሣዋል?

«ሁለተኛው በር ግን... ማሻአላህ።»

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ዐብዱረሕማን መኪናዋን አቆመ።

«ብርዱ ነው፣ አባቴ። ጋቢዎን ሰብሰብ ያድርጉት። ውሃ ላስመጣልዎ? ... እሺ።

«ምን እያልኩ ነበር? አዎ፣ ሁለተኛው በር። እሳቸው ደግ ሰው ናቸው። ደግነታቸውን የማያውቅ የለም፤ የረሳ ሰው ቢኖር ራሳቸው ያስታውሱታል። እሳቸው ዘንድ ቢል አታይም። ደግ ሰው ፊት ቢል መጠየቅ ነውር አይደለም? በወር አምፖሉ በሃያ አምስት፣ ካስኩ በመቶ፤ ሁለት አምፖል ነው ያለሽ፣ በቃ መቶ ሃምሳ ብር። ትንሽ ልጅ እንኳ ይገባዋል። ካስኩን ስንት ቀን አሞቅሽው፣ ስንት ቀን ደንበኛ አጥተሽ ዋልሽ፣ ይኼን ማን ይቆጥራል? ሽቦውን በነፃ ነው የሚሰጡሽ። በነፃ! ሦስት መቶ ብር ቀብድ ብቻ ታስይዣለሽ።

«ደግሞ ሰው ናፋቂ ናቸው። አመሻሽ ላይ "እንዴት ዋላችሁ" ሊሉ ይመጣሉ። ሁሉም ቤት ይገባሉ፤ የደሃ ቤት ነው ብለው አይንቁም። ሲገቡ ግን ወደ ላይ ነው የሚያዩት። እኔ ልጅ ሳለሁ ሰማዩን እያመሰገኑ ይመስለኝ ነበር። ለካስ አምፖሉን ነው። ትልቅ አስገብታችሁ እንደሆነ፣ ሁለተኛ ጨምራችሁ እንደሆነ... ስንቱ በሽተኛ ተኝቶ ጣራው ተጠይቆለታል! እንዲህ ያለ ጠያቂ ከየት ይገኛል?

«ይኼ ሁሉ ግን ምንም አይደለም። ትልቁ ደግነታቸው ሌላ ነው። መስከረም አንድ ቀን የአንድ ወር ክፍያሽን ይመልሱልሻል። ሙሉውን! መቶ ሃምሳሽን! በዚህ ዘመን እጁ የገባን ብር መልሶ የሚሰጥ ማንን ታውቂያለሽ? ለተ ማርያም እንዲህ ታደርጋለች? አታደርግም። ታዲያ ሰው ወደሳቸው ቢጎርፍ ይፈረድበታል?

«ዛሬ ነሐሴ ስንት ነው? ሃያ ስድስት? ዕድለኛ ነሽ። ለጳጉሜን ደረስሽላቸው።

«እስቲ ልጠይቅሽ። ያከራየሽ ሰው ለጳጉሜን ኪራይ ጠይቆሻል? አልጠየቀም። አስተማሪው ለጳጉሜን ደሞዝ ይቀበላል? አይቀበልም። አምስት ቀን ናት፤ ሁሉም ሰው በዝምታ ያሳልፋታል። እሳቸው ግን አዘኑላት። "ወር ናት" አሉ። "ቆጣሪ ጳጉሜን ነው ብሎ አይቆምም" አሉ። እውነት ነው፤ አይቆምም። አምስት ቀን ይዞራል። ለዚያች ለአምስት ቀን የሠላሳ ቀን ይከፈላል። አየሽ፣ አገር ሁሉ የናቃትን ወር ከወንድሞቿ እኩል ያደረጉ ሰው ናቸው።

«እንግዲህ እኔ ብዙ አልተማርኩም፣ አንቺ ድረሽበት። ጳጉሜን አንድ ቀን መቶ ሃምሳ ትሰጫቸዋለሽ። መስከረም አንድ ቀን መቶ ሃምሳ ይሰጡሻል። ብሩ እሳቸው ቤት አምስት ቀን ይከርማል። ሲገባ ክፍያ ነበር፤ ሲወጣ ስጦታ ሆኖ ይወጣል። በአምስት ቀን! የትኛው ነጋዴ ነው ይኼን የሚችል?

«አሰጣጡ ደግሞ ሸጋ ነው። በራቸው ላይ ወንበር ይወጣል። ሰፈርተኛው ይሰበሰባል፤ ከሳቸው መስመር ያልቀጠለውም ሳይቀር ለማየት ይመጣል። ወረቀት ይዘው ስም ይጠራሉ። ስምሽ ሲጠራ ትወጪያለሽ፣ በሁለት እጅሽ ትቀበያለሽ፣ ትመርቂያለሽ። ቀላል ሙያ እንዳይመስልሽ! የራስን ብር በሰው ፊት እንደ ሰደቃ መቀበል ልምምድ ይፈልጋል። መደንገጥ አለብሽ። "ምነው፣ ይህን ሁሉ!" ማለት አለብሽ። ያልመረቀች ሴት በማግስቱ አምፖሏ ሲርገበገብ ያድራል ይባላል... እኔ እንኳ አላምንም። ሽቦው አርጅቶ ይሆናል።

«ሥርዓትም አላቸው። ደግነት ያለ ሥርዓት ይበላሻላ! በዓመቱ ውስጥ አንድ ጊዜ፣ አንድ ቀን ያዘገየ ተመላሽ የለውም። ጳጉሜኗን ግን ይከፍላል። እሷማ ወር ናት፣ ተባብለናል።»

ሪሃና ጨብጣ የያዘችውን ብር ተመለከተች። ሽማግሌው ከግራ ጭናቸው ወደ ቀኝ ጭናቸው ዞሩ። ተነሥተው እንዳይሄዱ ስማቸው አልተነሣም፤ ቢቆጡ «እኔ ነኝ» ማለት ይሆንባቸዋል። ሱሪውም ገና መርፌ ሥር ነው። ዐብዱረሕማን ክሩን በጥርሱ በጠሰና ሌላ አስገባ። የሁለተኛው እግር ጠርዝ ቀርቶት ነበር፤ ከወትሮው ይልቅ በዝግታ ረገጠ።

«አንዲት ሴት ነበረች። አታውቂያትም። ደርግ የወደቀ ዓመት ነው ነገሩ። ለሰው ቤት በርበሬ ትወቅጥ ነበር፤ ዓይኗ ሁልጊዜ ቀይ ነበር። አንድ አምፖል ነበራት፣ በሁለት ብር። ኅዳር ላይ ልጇን ተስቦ ያዘው። ጎረምሳ ነው፣ አሥራ ስምንት ዓመቱ፤ ሊሞት ደርሶ ነበር። ለመድኃኒት ስትሯሯጥ ሁለት ቀን አዘገየች። ሁለት ቀን! በሦስተኛው ቀን ወስዳ ከፈለች፣ ይቅርታም ጠየቀች። ከዚያ ወዲያ አላዘገየችም። ጳጉሜኗንም ከፈለች።

«መስከረም አንድ ቀን ነጠላዋን አጥባ ሄደች። ስም ተጠራ። ሁሉም ተጠራ። ወረቀቱ አልቆ ሲታጠፍ እሷ ገና ቆማለች። ሰው ጋርዶኝ ይሆናል ብላ ትንሽ ወደ ፊት ጠጋ አለች... እንዲያዩዋት።

«አዩዋታ! ዓይናቸው መቼ ይስታል? "አንቺ ኅዳርን አዘግይተሻል፣ ለከርሞ ያድርስሽ" አሉ። ሰው ሳቀ። በዓል ነው፣ ሰው ይስቃል። እሷስ ምን አደረገች መሰለሽ? መረቀቻቸው። ባዶ እጇን ዘርግታ መረቀቻቸው። ቤቷ ገብታም ልጇ ቢናደድ ተቆጣችው አሉ። "ሌላው ሰው ስሜንስ መቼ ያውቀዋል? እሳቸው ኅዳርን ሳይቀር ያስታውሱልኛል" አለችው። ሁለት ብር እኮ ናት። ሰው በሁለት ብር ቂም ይይዛል? አይይዝም። ልጇም አልያዘም። ሥራ ይዟል፣ ደህና ነው። መብራት ብቻ ሳይለምድ ቀረ።»

ያቺ ሴት ሐዲጃ ትባል ነበር፤ የዐብዱረሕማን እናት። ሪሃና ይህን አላወቀችም፤ እሱም አልነገራት። ግን ሽማግሌው ያውቁ እንደሆነ ማየት ፈለገና ከመርፌው ቀና አለ። ሃያ ዓመት ሊያየው ሲፈልግ የኖረው ፊት ነው። እፍረት ቢያይበት ኖሮ ምናልባት እዚያው ላይ ያበቃ ነበር። ሽማግሌው ግን ግንባራቸውን ቋጥረው ያስባሉ። ሊያስታውሱ እየሞከሩ ነበር። በዚያ በር ላይ ካለፉት ሴቶች ሁሉ የትኛዋ እንደሆነች ጠፍታባቸዋለች።

ዐብዱረሕማን ጎንበስ ብሎ የመጨረሻውን ስፌት ጨረሰ።

«እንግዲህ እኔ ይኼኛው ይሻላል፣ ያኛው ይሻላል አልልም። አንዷ ቢል ታሳይሻለች፤ ሌላው ደግነት ያሳዩሻል። የፈለግሽውን መመልከት ነው።»

ሪሃና ሦስት መቶውን ብር ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ዚፑን ዘጋች። ከመንገዱ ማዶ ካለው የዕቃ መሸጫ በር ላይ የተንጠለጠለውን የሽቦ ጥቅል በዓይኗ ለካችው። ልትነሣ ስትል ሽማግሌው ሱሪያቸውን ለመቀበል እጃቸውን ሰነዘሩ። ዐብዱረሕማን ሱሪውን አጣጥፎ ጭናቸው ላይ አኖረላቸው፤ እጁን ግን ወዲያው አልሰበሰበም።

«ቆዪ፣ ሪሃና። የደግ ሰው ስም ተነሥቶ ዱዓ ሳይደረግለት አይሄድም። እጅሽን ዘርጊ። እርስዎም፣ አባቴ፣ ከኛ ይልቅ የእርስዎ አሚን ይሰማል።»

በዚያ ሰፈር ዱዓ ሲያዝ እጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ የሚቀር ሽማግሌ የለም። የሽማግሌው ሁለት መዳፎች ከሱሪው ላይ በቀስታ ተነሡና ተዘረጉ። ዐብዱረሕማን ድምፁን አለሰለሰ፤ እናቱ እንደምታለሰልሰው።

«ያ አላህ፣ ለዚያ ደግ ሰው ጤና ስጣቸው... በራቸው ከሰው አይራቅ... ዕድሜያቸውን አሥራ ሦስት አሥራ ሦስት ወር አድርገህ ቁጠርላቸው፤ ጳጉሜንንም ሙሉ ወር አድርገህ ያዝላቸው። ስም በሚጠራበት ቀን፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ እንዲታዩ ብለው ወደ ፊት ጠጋ የሚሉ አታድርጋቸው። ለሰው የመለሱትን ሁሉ፣ እሳቸው በመለሱበት ልክ መልስላቸው... አሚን ይበሉ እንጂ፣ አባቴ።»