ሞላ ያልፈራ እጅ

አቶ ጉግሳ በዳላስ አጠገብ ባለችው ኧርቪንግ ከተማ ከአንድ የመኪና ዕቃ መሸጫ ወጥተው፣ ረጅምና ከባድ ካርቶን በጋሪ እየገፉ ወደ መኪናቸው ሲያመሩ፣ ከጀርባቸው «ጋሽ ጉግሳ! እርስዎ ነዎት?» የሚል የሴት ድምፅ ሰሙ። ዘወር ቢሉ ሰማያዊ ቱታ የለበሰች፣ ጸጉሯን በሻሽ ጠቅልላ ያሰረች ወጣት ቆማለች። ለጊዜው ማንነቷ አልመጣላቸውም። «የኃይለ መስቀል ልጅ፣ ሰብለወርቅ ነኝ» ስትላቸው ግን ፊታቸው ፈካ ብሎ ወዲያው ተመልሶ ጠቆረ።

የጠቆረበትን ምክንያት አንባቢ ይወቀው። አቶ ጉግሳና አቶ ኃይለ መስቀል ከሱዳን የስደት ሰፈር በአንድ ዓመት ወደ ዳላስ የመጡ፣ በግራንድ ፕሬሪም ጎረቤት የነበሩ ወዳጆች ናቸው። አቶ ጉግሳ አዲስ አበባ ሳሉ ሃያ ዓመት ሙሉ መካኒክ ነበሩ። እዚህ ኑሯቸው የኤርፖርት ቫን በመንዳት ቢሆንም፣ የእረፍት ቀናቸውን በቤታቸው ጋራዥ የአበሻውን መኪና በመጠገን ነው የሚያሳልፉት። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ሰብለወርቅ ሃይስኩል ጨርሳ «የመኪና ጥገና ልማር» ባለች ጊዜ፣ አባቷ ምክር ሊጠይቁ ወደ እኚሁ ወዳጃቸው መጡ። ከዚያ ተመልሰው ልጃቸውን «አይሆንም» አሏት። ልጅቷ በእሺታ ሁለት ዓመት ነርሲንግ ተማረች፤ አልሆነላትም። ከአባቷ ተጣልታ ወደ ፎርት ወርዝ ሄደችና የፈለገችውን ትምህርት ተማረች። ከሁለት ዓመት በፊት አቶ ኃይለ መስቀል በድንገት በልብ ሕመም ሲያርፉ፣ አባትና ልጅ ከበዓል የስልክ ሰላምታ ያለፈ ነገር አልነበራቸውም። በዚያች የምክር ቀን የተባለውን አቶ ጉግሳ ለሚስታቸው ለአይናዲስ እንኳን አልተነፈሱም።

ሰብለወርቅ ይህን ሁሉ ሳታውቅ ካርቶኑን አየችና ፈገግ አለች።

«ሊፍት ኪት ነው አይደል? የማን መኪና ነው ከፍ የሚለው?»

«የሕዝቅያስ ነው። ልጄ ፒክአፕ ገዛና አሁን ደግሞ እንደ ቴክሳሶቹ ከመሬት ራቅ ይበልልኝ አለ። የኔስ ምርጫ አልነበረም። ግን ወጣት ነው፣ ደስ ይበለው ብዬ ነው።»

«የት ሊያስገጥሙት ነው?»

«ጉድ ነው! ጉግሳ ቤት የተወለደ ልጅ ከፍሎ ብሎን ያስፈታል እንዴ? በእጄ ነዋ።»

ወጣቷ ጥቂት አመነታች። ሽማግሌን መሞገት አላደገችበትም፤ ዝም ማለት ደግሞ ሙያዋ አልፈቀደላትም።

«ጋሽ ጉግሳ፣ እኔ እዚሁ አጠገብ አንድ ሱቅ ውስጥ ሱስፔንሽንና አላይንመንት፣ የሞላና የጎማ አቅጣጫ ማስተካከል ነው የምሠራው። ሶ፣ ቅር አይበልዎትና አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ሞላውን በምን ሊጨምቁት ነው?»

«በሰንሰለት ነዋ። ስንቱን ሞላ ጠፍሬ አውጥቻለሁ!»

«እርግጥ ነው። ማለቴ፣ ያኔ ይጠግኗቸው የነበሩት መኪኖች አብዛኞቹ ባለ ባሌስትራ፣ ባለ ተደራራቢ ጠፍጣፋ ብረት አልነበሩም? የዚህ ፒክአፕ ሞላ ሾኩ፣ ያው አሞርታተሩ፣ ላይ ተጨምቆ የተቀመጠ ነው። ስንት ኩንታል ጉልበት ታምቆበታል። ከላይ ያለውን ዳዶ ፈትተው ሰንሰለቱ በአንድ ወገን ከተንሸራተተ ሞላው እንደ ጥይት ነው የሚወጣው። እኛ ጋ ግድግዳ ላይ የታሰረ መጭመቂያ አለ፣ ዙሪያውን በብረት የታጠረ።»

«የፈረንጅ ማስፈራሪያ ነው። ሰውን ካላስፈራሩት ገንዘቡን አያመጣማ!»

ሰብለወርቅ ሳቀች። «እውነትዎን ነው፣ ያለ አግባብ የሚያስከፍል ሱቅ ሞልቷል። እኔም ሁሉንም ለሱቅ ይስጡ አላልኩም። ሾኩን ከነሞላው ቤትዎ ይፍቱት፤ እሱን ከእኔ የተሻለ ይችሉበታል። የተፈታውን ይዘውልኝ ይምጡ፣ ሞላውን እኔ አውጥቼ አዲሱን ላግባበት፤ እርስዎ ወስደው ይግጠሙት። ከዚያ መኪናውን ለአላይንመንት ብቻ ይዘውልኝ ይመጣሉ። የፍሬን ቱቦው መኪናው ከፍ ሲል መወጠር አለመወጠሩንም አብረን እናያለን።»

ምክሩ ቀና ነበር። ትሕትናም ነበረበት፣ የሽማግሌውን ክብር የሚያስጠብቅ ድርሻም ነበረበት። አቶ ጉግሳም ለአንድ አፍታ «እሺ» ሊሉ ከንፈራቸው ተላቆ ነበር። ነገር ግን ወደዚያ ሱቅ ሄዶ «ሥሪልኝ» ማለት፣ ያን የድሮ ምክራቸውን በራሳቸው አፍ «ስሕተት ነበር» እንደማለት ሆኖ ታያቸው። እናም በቁጣ ሸፈኑት።

«ልጄ፣ አንቺ ሳትወለጂ እኔ ሞተር አወርድ ነበር። እናትሽን ሰላም በይልኝ።»

አበው «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይላሉ። ሰው ምክርን የሚገፋው ሁልጊዜ ሳይገባው ቀርቶ አይደለም። ብዙ ጊዜ ገብቶት፣ ግን ከመካሪው ጋር የሚያፋጥጠው ሌላ ያልተከፈተ ነገር ስላለ ነው።

በማግሥቱ ቅዳሜ ሕዝቅያስ ግሬፕቫይን ወዳለው የሆቴል ሥራው ከመሄዱ በፊት፣ «አባዬ፣ ሱቅ ልውሰደው፣ ኦኬ? አፖይንትመንት እይዛለሁ» አላቸው። «ሂድ ሥራህን ሥራ፤ ስትመለስ መሰላል ይዘህ ነው የምትወጣበት» አሉት። ልጁ ስቆ በእናቱ መኪና ሄደ።

የቀኙ ሞላ በሰላም ወጣ። አቶ ጉግሳ ላባቸውን ጠርገው ብቻቸውን ፈገግ አሉ፤ «በብረት የታጠረ!» ብለውም የልጅቷን ቃል ደገሙት። በግራው በኩል ግን ሰንሰለቱን ሲያጠልቁ አንደኛው ዙር ከሌላኛው ሳይተካከል ቀረ። አይተውታል፤ «ይይዛል» አሉና መፍቻውን አሳረፉ።

ድምፁን ከመኪና ግጭት ጋር ነው አይናዲስ ያመሳሰሉት። ከወጥ ቤት ሮጠው ሲደርሱ፣ ሞላው የጋራዡን ጣሪያ በስቶ እዚያው ተሰክቷል። ባለቤታቸው መሬት ላይ ተቀምጠው ቀኝ እጃቸውን በግራው ይዘው ያዩታል። «አይናዲስ፣ ፎጣ አምጪ» ብቻ አሉ።

ሐኪሞቹ ሌባ ጣታቸውንና የመሃል ጣታቸውን ሊያድኑላቸው አልቻሉም። «አንድ ስንዝር ጎንበስ ብለው ቢሆን ኖሮ ግንባርዎን ነበር የሚመታው» ብሎ ሐኪሙ በአስተርጓሚ ነገራቸው። ያን የአቶ ጉግሳን እጅ ሰው «ወርቅ እጅ» እያለ ሲጠራው ኖሯል። አሁን ግን የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ አቅቷቸው አይናዲስ ጠዋት ጠዋት ይቆልፉላቸው ጀመር። ሕዝቅያስም «ምነው ያን ካርቶን ባልገዛህልኝ» እያለ አጠገባቸው ሲቀመጥ አንገቱን ይደፋል። ከጣቶቻቸው ይልቅ የልጁ አንገት መድፋት አንገበገባቸው።

በሁለተኛው ሳምንት ሰብለወርቅ ወሬውን ሰምታ ብርቱካን ይዛ ልትጠይቃቸው መጣች። «ነግሬዎት አልነበረም?» የሚለውን ቃል ከአፏ ሲጠብቁ ስለ ቁስሉ፣ ስለ እንቅልፋቸው፣ ስለሚወስዱት መድኃኒት ብቻ ጠየቀቻቸው። ይህ ደግሞ ከወቀሳ ይልቅ ጎዳቸው። አይናዲስ ሻይ ሊያፈሉ ሲነሱ፣ ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሰብለ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ከነገርኩሽ በኋላ ተነሥተሽ ብትሄጂ አልፈርድብሽም።»

«ምን ሆኑ ጋሽ ጉግሳ?»

«መኪና ጥገና እንዳትማሪ የከለከለሽ አባትሽ አይደለም። እኔ ነኝ። ኃይለ መስቀል ሊያማክረኝ ሲመጣ እየሣቀ ነበር። ‹ልጅቷ የሣር ማጨጃውን ፈታ ገጠመችው እኮ! እጇ ሥራ ይወዳል፤ ልፍቀድላት?› ብሎ ነው የጠየቀኝ። ኮርቶብሽ ነበር። እኔ ግን ‹ሴት ልጅ መኪና ሥር ተኝታ ማን ያገባታል? ነገ ሰው ምን ይልሃል?› አልኩት። ሙያውን የማውቀው እኔ ነኝና አመነኝ።»

ሰብለወርቅ በቀጭን ድምፅ «ኮርቶ ነበር?» አለች።

«በእውነት ኮርቶ ነበር።»

«እኔ እኮ ስንት ዓመት በእሱ ነው የተናደድኩት። ሲደውል ‹ሥራ ላይ ነኝ› ብዬ እዘጋበት ነበር። ሥራ ላይ ሳልሆን።» ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠረገችና ተነሣች። «ይህን እሱ በሕይወት እያለ ቢነግሩኝ ኖሮ!»

«ፈራሁ። ከቀን ወደ ቀን ስል አመለጠኝ። ይቅር በይኝ ልጄ።»

«አሁን ይቅር ብዬዎታለሁ ብል ውሸት ይሆንብኛል፣ ጋሽ ጉግሳ። እግዜር ይማርዎት።»

አይናዲስ የሻይ ትሪ ይዘው ሲመለሱ ልጅቷ ወጥታ በሩ ተዘግቶ ነበር። ባለቤታቸውም ያን ቀን ዘጠኝ ዓመት የደበቁትን ሁሉ ነገሯቸው። አይናዲስ አልተቆጡም፤ «ምስኪን ኃይለ መስቀል» ብለው ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ ጣል አደረጉ።

ሦስት ሳምንት ያህል ምንም ወሬ አልነበረም። ከዚያ ሰብለወርቅ ሕዝቅያስ ጋ ደወለች። «ፒክአፑን በጭነት መኪና አስጭነህ አምጣው። አባትህም ይምጡ» አለችው።

አቶ ጉግሳ የታሰረ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አስደግፈው ሱቁ ውስጥ ወንበር ተሰጣቸው። ሰብለወርቅ ሾኮቹን ከአዲሶቹ ሞላዎች ጋር በየተራ መጭመቂያው ውስጥ አስገባች፤ የብረት አጥሩን ዘጋች፤ ሞላው ቀስ በቀስ፣ በሁሉም ወገን እኩል ተሰበሰበ። እሳቸው በሰንሰለትና በጸሎት የሚያደርጉትን ልጅቷ በጥቂት ደቂቃ ያለ ላብ ጨረሰችው። ከዚያ የፍሬኑን ቱቦ መያዣ ለወጠች፤ ብሎኖቹን መኪናው በጎማው ከቆመ በኋላ፣ ልኩን በሚያሳይ መፍቻ አጠበቀቻቸው። «ከጥቂት መቶ ማይል በኋላ ይመለስ፤ ብሎን ይላላል፤ ደግሜ አየዋለሁ» አለችው ሕዝቅያስን።

አቶ ጉግሳ አንድ ነገር ግን አልዋጥ ብሏቸው ነበርና ጠየቁ።

«ልጄ፣ አሁን ገብቶኛል። ግን እስቲ ንገሪኝ፤ ታዲያ ሰው በገዛ እጁ መሥራቱ ነውር ሆነ ማለት ነው? እኛ እኮ በእጃችን ሠርተን ነው እዚህ የደረስነው።»

ሰብለወርቅ መፍቻዋን አስቀመጠች።

«ነውር አይደለም። ዘይት መቀየር፣ አምፖል መቀየር፣ የፍሬን ሸራ እንኳን፣ የሚችል ሰው ቤቱ ቢሠራው እደግፋለሁ። እኔ ግን አንድ ሥራ ስጀምር ሁለት ነገር ነው ራሴን የምጠይቀው። ብሳሳት የሚጎዳው ዕቃው ነው ወይስ ሰው? መሣሪያውስ አለኝ ወይስ በሌላ ነገር ልተካው ነው? የሚጎዳው ሰው ከሆነ፣ መሣሪያውም ከሌለኝ፣ እኔም አልነካውም። እኔ ራሴ እንኳን ቤቴ ውስጥ ሞላ አላወጣም፣ ጋሽ ጉግሳ።»

«ልምድስ? ሃያ ዓመት እኮ ነው!»

«ልምድዎ አልጠፋም። መኪናው ነው የተለወጠው። እርስዎ ድምፅ ሰምተው የቱ ጋ እንደታመመ ያውቃሉ፤ እኔ ያንን ገና እየተማርኩ ነው። እርስዎም እኔን መጠየቅ ነበረብዎት። አንዳችን ሌላችንን ብንጠይቅ ኖሮ...»

ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም፤ ወደ ኃይለ መስቀል እንደሚሄድ ሁለቱም ያውቁ ነበር።

ሥራው ሲያልቅ ወደ ሀይዌይ አውጥታ ልትሞክረው ሽማግሌውን ከጎኗ አስቀመጠች። መኪናው ከፍ ብሎ፣ ወደ የትም ሳይጎትት ቀጥ ብሎ ሄደ። አቶ ጉግሳ የመሪውን ጸጥታ አስተዋሉ፤ እንዲህ ያለ ጸጥታ የጥሩ እጅ ምልክት መሆኑን ከማንም በላይ ያውቃሉ።

«ኃይለ መስቀል እዚህ መቀመጥ ነበረበት» አሉ።

«አዎ» አለች ሰብለወርቅ፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሣ። ትንሽ ቆይታም፣ «እየሣቀ ነበር ያሉኝን ይንገሩኝ እስቲ። ምን ምን አለ?» ብላ ጠየቀች። አቶ ጉግሳም ሱቁ እስኪደርሱ ድረስ የሚያስታውሱትን ሁሉ አንድ በአንድ ነገሯት።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ጥቅም ለማንም የተሰወረ አይደለም። የሕዝቅያስ ፒክአፕ ዛሬ ሰውን ሳያሰጋ ይነዳል። በአቶ ጉግሳ ጋራዥ ሰንሰለት የሚባል ነገር የለም። ቅዳሜ ቅዳሜ የሠፈሩ ሰው መኪናውን ይዞ ሲመጣ፣ እሳቸው ድምፁን ሰምተው ሕመሙን ይለያሉ፤ በቤት የሚሠራውን ባለመኪናው በገዛ እጁ እንዲሠራ ያሳያሉ፤ አደገኛውን ወደ ሰብለወርቅ ይልካሉ። ሁለት ወጣት ሴቶችም እሷ በተማረችበት ትምህርት ቤት መማር ጀምረዋል፤ የአንደኛዋ እናት፣ የትምወርቅ፣ ከመወሰኗ በፊት አቶ ጉግሳን ልታማክር መጥታ ነበር።

ለእሷም፣ ከዚያ ወዲህ ለሚጠይቃቸው ሰው ሁሉም፣ አንድ ዓይነት መልስ ነው የሚሰጡት። «እኔ የማውቀው ይህን ያህል ነው፤ ከዚህ የዘለለውን የሚያውቅ ሰው ላሳይህ» ይላሉ። ከባድ ቃል አይደለም። ለመናገር ከአንድ ትንፋሽ አያልፍም። ኃይለ መስቀል እየሣቀ በራቸውን ባንኳኳ ቀን ይህችን አንዲት ቃል ሊነግሩት ይችሉ ነበር።