መሰላል የሌለበት መጋዘን

የመኪና መገጣጠሚያ ፋብሪካው የመጋዘን ኃላፊ፣ ሠራተኛው ሁሉ «አባ ቁልፉ» የሚላቸው ሽማግሌ፣ በሽተኛ ሊጠይቁ ሆስፒታል ሄደው ከወንድማቸው ልጅ ጋር ኮሪደሩ ላይ ድንገት ተገናኙ። አባቷ በልጅነቷ ስለሞተ አሳድገው ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። አሁን በዚያው ፋብሪካ መሐንዲስ ናት። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ከሰላምታ ያለፈ አይነጋገሩም።

የተኳረፉት በመጋዘኑ ነው። ልጅቷ ዕቃውን ራሱ አንሥቶ የሚደረድር፣ ሲጠየቅም ራሱ ፈልጎ የሚያመጣ አውቶማቲክ መጋዘን እንዲገባ አጥንታ፣ መሰላሉ አንድ ቀን ሰው ይጥላል ብላም አስጠንቅቃ አቅርባ ነበር። አጎቷ ስብሰባው መሀል ብድግ ብለው «ይህ ብረት የልጆቼን ጉርስ ሊነጥቅ ነው» አሉ። ሠራተኛው አጨበጨበ፤ ሥራ አስኪያጁም ወጪው አስፈርቶት ስለነበር ሰበብ አገኘና ጥናቱን መሳቢያ ውስጥ ከተተው።

በሽተኛው መሰላል ሲወጣ ባለው ቅልጥፍና «ነብሮ» የተባለው የመጋዘን ሠራተኛ ነው። ከላይኛው መደርደሪያ ካምቢዮ ሲያወርድ መሰላሉ ከዳውና ወደቀ፤ ካምቢዮውም ከነሣጥኑ ወገቡ ላይ አረፈ። ከእንግዲህ በእግሩ እንደማይቆም ሐኪሞቹ ተናግረዋል።

አጎትና ልጅ አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«አሁንማ ደስ ይበልሽ፤ ያልሽው ደረሰ» አሉ ሽማግሌው።

«በዚህ ደስ የሚለኝ ሰው አድርገው አላሳደጉኝም፣ ጋሼ።»

አፈሩ። እልህ ግን ቶሎ አይበርድምና፣ ማሽንም ሰው እንደሚጎዳ፣ የጎደለው ጥንቃቄ እንጂ ብረት እንዳልሆነ፣ የእያንዳንዱ ዕቃ ቦታ ደግሞ በጭንቅላታቸው እንዳለ እየዘረዘሩ ተከራከሩ። እሷም በትሕትና መለሰች። እሳቸው ታመው የተኙ ጊዜ የመገጣጠሚያው መስመር በፍሬን ሸራ እጦት እንደቆመ፣ ሸራው ግን እዚያው መጋዘን ውስጥ እንደነበረ አስታወሰቻቸው። በአንድ ሰው ጭንቅላት የተቆለፈ መጋዘን ሰውየው ሲደክም አብሮ እንደሚደክም፣ ገጣጣሚውም ጉልበቱን በሥራ ሳይሆን ዕቃ በመጠበቅ እንደሚጨርሰው ነገረቻቸው።

«ሥራቸውን የሚያጡትስ?» አሉ።

«የሚያጡ ይኖራሉ፤ አልዋሽዎትም። ግን ማሽኑን እንቢ ከማለት፣ ሰዎቼ አስቀድመው ይሠልጥኑ፣ የቀሩትም ሌላ ክፍል ይመደቡ ቢሉ ኖሮ ማን እንቢ ይልዎት ነበር? ያን ጊዜ የሚሰሙት እርስዎን ነበር እንጂ እኔን አይደለም።»

አስተዋይ አንባቢ ይፍረድ። ለወገን መቆርቆር አንድ ነገር ነው፤ ወገንን ከአደጋ ጋር አስሮ ማቆየት ሌላ ነው። አባ ቁልፉ እስከዚያች ቀን ሁለቱን ለይተው አያውቁም ነበር።

ነርሷ ጠርታ አስገባቻቸው። ነብሮ በጀርባው ተኝቶ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ሽማግሌው እጁን ይዘው አይዞህ አሉት።

«ጋሼ፣ ጉርሴን ስላስጣሉልኝ እግዜር ይስጥልኝ» አለ ነብሮ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አሁን ማን እንደሚያጎርሰኝ ደግሞ ይንገሩኝ።»

ለልጅቷ ነጥብ በነጥብ ሲመልሱ የቆዩት ሰው በማግሥቱ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገብተው ጥናቱ ከመሳቢያው እንዲወጣ፣ ሠራተኞቹም እንዲሠለጥኑ ለመኑ። ስለ አደጋው የሚጠይቀው በዝቶበት ነበርና ሰውየው ቶሎ እሺ አለ።

ዛሬ መጋዘኑ ሌላ ነው። ዕቃው በተፈለገበት ሰዓት መስመሩ ድረስ ይመጣል፤ ገጣጣሚው እጁን አጣጥፎ አይቆምም፤ የተረሳ ዕቃ ጥግ ይዞ አይዝግም፤ ተገጣጥሞ የሚወጣውም መኪና በርክቷል። ወጣቶቹ ሠልጥነው ማሽኑን ያዝዛሉ። ማንበብ የማይችሉት አዛውንቶች ግን ተሰናበቱ። አባ ቁልፉ ሌላ ክፍል እንዲመደቡ ማለዱላቸው፤ ሥራ አስኪያጁ አልሰማቸውም። ማሽኑ አስቀድሞ ገብቶለት ነበርና የእሳቸውን ድጋፍ የሚፈልግበት ነገር አልቀረም። በጊዜው ያልጠየቁትን በኋላ ማግኘት እንዲህ ይከብዳል።

እሑድ እሑድ ነብሮን እቤቱ ሄደው ይጠይቁታል። ማሽኑ ሥራ በጀመረ ሰሞን ይህን ሁሉ አወሩለት። ሰምቷቸው ሲያበቃ፣

«አሁን መሰላል ላይ የሚወጣ ሰው የለም ማለት ነው?» አለ።

«ማንም የለም።»

«ደግ» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።