«እኔ ነኝ» ብሎ ምሳውን የበላ ሰው

የተከበራችሁ የሟች ቤተሰቦች፣ ጎረቤቶች፣ በአንድ ጣሪያ ሥር አብረን ያረጀን ባልደረቦች፣ እንደምን ዋላችሁ። የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊም የአበባ ጉንጉን ይዘው መጥተዋል። እሳቸውንም እንደምን ዋሉ ብያለሁ።

ከእኔ በፊት የተነበበውን የሕይወት ታሪክ ሰምታችኋል። «ለስላሳና ተግባቢ ነበር» ይላል። ማን? እሱ? ደህና አደርክ ሲሉት «ምን ፈልገህ ነው?» የሚል ሰው እኮ ነው። ይህን የጻፈው ሰው አንድ ቀን እንኳ አብሮት ሻይ አልጠጣም። «በድንገት ተለየን» ይላል ደግሞ። ድንገት የሚለውን ቃል እንደ እሱ የጠላ ሰው አላውቅም። «ድንገት የምንለው ሳንጠይቅ የተውነውን ነው» ይል ነበር። እና አሁን መቃብሩ ላይ አነበባችሁለት።

ሥራውን ለማታውቁ ልንገራችሁ። የምንሠራው የሆስፒታል ማሽን ነው፤ በበሽተኛ ክንድ ላይ መድኃኒት ጠብ ጠብ የሚያደርግ ፓምፕ። በውስጡ ከርነል የሚባል አለ። ሌላው ፕሮግራም ሁሉ የቆመው በእሱ ላይ ነው። አንድ ፕሮግራም ሥራ አቁሞ ቢወድቅ ከርነሉ ያነሳዋል። ከርነሉ ራሱ ቢወድቅስ? ማን ያነሳዋል? ማንም። ስለዚህ የቀረችውን ትንፋሽ ለአንድ ነገር ብቻ ነው ማዋል ያለበት፤ ለመናገር። እዚህ ነበርኩ፣ ወደዚህ የላከኝ እከሌ ነው፣ እከሌን የላከው ደግሞ እከሌ ነው፣ እያለ እስከ ሥሩ። የጥሪ ዱካ እንለዋለን። የእኛን ማሽን ዱካ የጻፈው እሱ ነው። ዕድሜው ያለቀው በእሱ ላይ ነው።

የመጀመሪያዋ ማሽን የወደቀች ቀን የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። ምሳ ቤት ተቀምጠን ሁላችንም ጣታችንን ወደ ጎረቤታችን ቀስረናል። የኤሌክትሪክ ሰዎቹ ናቸው፣ አይ፣ የስክሪኖቹ ናቸው። እሱ ዱካውን ይዞ ገባ። ቆሞ፣ ጮክ ብሎ፣ ከላይ እስከ ታች አነበበው። ሥሩ ላይ ማን ተገኘ? ራሱ። ባዶ ይሁን አይሁን ሳያጣራ ከሜሞሪው፣ ከማሽኑ ማስታወሻ፣ ያነበበው የእሱ ኮድ ነበር።

«እኔ ነኝ» አለ። «በሉ ብሉ።»

ቁጭ ብሎ ምሳውን በላ። ያፈርነው እኛ ነን፣ ጣታችንን እንደቀሰርን የቀረነው።

ቤቱም እንዲሁ ነበር። እህቴ፣ ባለቤቱ ነሽና አንቺ ታውቂዋለሽ። ብርጭቆ ሲሰበር «ማን ሰበረው?» አይልም። «ከዚያ በፊት ምን ሆነ? ከዚያስ በፊት?» እያለ ልጁን ወደ ኋላ ይወስዳታል። መጨረሻ ላይ ብርጭቆውን ጠርዝ ላይ ያስቀመጠው ራሱ ሆኖ ይገኛል። «በይ ሂጂ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» ይላታል። ይቅርታ ግን አይልም። ይቅርታ ማለት አያውቅበትም ነበር።

ከዚያ አዲሶቹ ሠራተኞች መጡ። ይቅርታ የሚያውቁት።

ዱካው አስቀያሚ ነው አሉ። ነርሶችን ያስደነግጣል። ደንበኛ ገመናችንን ማየት የለበትም። ከርነሉ ሲወድቅ በምትኩ ስክሪኑ ላይ ሥዕል ይውጣ ተባለ። ፈገግ ያለች ደመና። ከሥሯ «ይቅርታ፣ አንዴ ይታገሱን» የሚል ጽሑፍ። እስቲ ንገሩኝ፣ አልጋ ላይ የተኛ ሰው የሚታገሰው ምኑን ነው? ደመናዋን?

እሱ አንድ ነገር ብቻ አላቸው። «ሥዕል ሜሞሪ ይጠይቃል። የወደቀ ከርነል ማንንም ምንም መጠየቅ የለበትም። የሚጠየቀው ክፍል ራሱ ሊሆን ይችላል የሞተው።»

ክቡር ኃላፊያችን ምን አሉ? «አንተ ደግሞ ሁልጊዜ ሞት ሞት ትላለህ።» ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ከሳቁት ግማሾቹ ዛሬ እዚህ ቆመው አፍንጫቸውን ይጠርጋሉ።

እሱም «እሺ» አለ።

እሺ አለ። እኔ ይህን ሙያ የተማርኩት ከተበላሸ ዕቃ እንጂ ከሰው አይደለም፤ ሰውን ማባበል አልችልም። ኮሪደር ላይ ያዝኩትና «ፈሪ ነህ» አልኩት።

«ሻይህ ቀዘቀዘ» አለኝ።

ከዚያ የሆስፒታል እንግዶች ተጠሩ። ኃላፊው አዲስ ከረባት አሥረው ቆሙ። «አሁን ከርነሉን ሆን ብለን እንጥለዋለን» አሉ። ጣሉት። ደመናዋ ልትወጣ ሜሞሪ ጠየቀች። የወደቀው ደግሞ ሜሞሪ የሚሰጠው ክፍል ነበር። የወደቀው ከርነል በወደቀበት ደግሞ ወደቀ። ስክሪኑ ጠቆረ። ነርስ የሚጠራው ደወልም አልጮኸም፤ ደወሉን ከሥዕሉ ኋላ አሰልፈውት ነበርና። ይቅርታ እንኳ ሳይባል ቀረ።

ከማሽኑ ጀርባ ግን አንዲት ተራ ገመድ ነበረች፣ ከአሮጌ ላፕቶፕ ጋር የተያያዘች። እዚያ ላይ ፊደሎች አንድ በአንድ መውረድ ጀመሩ። እዚህ ነበርኩ። የላከኝ እከሌ ነው። ሁለት ዱካ ወረደ። በመጀመሪያው ሆን ብለን የጣልነው። በሁለተኛው ደመናዋ ከነስሟ። «እሺ» ያለው ሰው ሥዕሉን አስገብቶላቸዋል፤ ከሥዕሉ በፊት ግን የራሱን መስመሮች አስቀድሟል። ማንንም ምንም የማይጠይቁ፣ ፊደሉን በቀጥታ ወደ ገመዱ የሚገፉ መስመሮች።

አንዲት ነርስ ከወንበሯ ተነስታ ላፕቶፑን አየችው። «እኛ የምንፈልገው ይሄንን ነው» አለች።

ኃላፊው ደመናዋን ጠየቁ? አልጠየቁም። «ይህን ማን አስገባው? ይውጣ» አሉ። አላወጣም አለ። ጠረጴዛውን ከዕቃ ግምጃ ቤቱ አጠገብ አዛወሩት፣ መስኮት የሌለበት። እሱ ራሱ የወደቀውም እዚያ ነው። ኃላፊው ገደሉት አልልም። ልብ ነው ብለዋል ሐኪሞቹ፣ ልብ ነው። ዱካው ከሚደርስበት አላልፍም፤ እሱም አይወድልኝም።

ደግሞ አንተንም አልተውህም። ደረትህን ሲያምህ ከርሞ ለማን ተናገርክ? ለእኔ? ለባለቤትህ? ማሽን ሁሉ እንዲናገር ያደረግክ ሰው፣ አንተ ስትወድቅ ዝም ብለህ ወደቅክ። ይህን ንቄብሃለሁ። እስክሞት እንቅብሃለሁ።

አሁን መስመሮቹ ሰኞ ይሰረዛሉ ተብሏል። ማን እንዲሰርዝ ታዘዘ? ልጁ። አብራን ትሠራለች፣ የአባቷን ኮድ አንብቦ የሚረዳ ከእሷ በቀር የለም። ትእዛዙ የደረሳት የት ነው? ልቅሶ ቤት፣ አጎቶቿ መሃል ተቀምጣ። ከቀብሩ በኋላ ቢነገራት ምን ነበረበት? ሰው ሞቶበት ለተቀመጠ ሰው እንደዚያ ይባላል? እኔ አጠገቧ ነበርኩ። አንገቷን ደፍታ ሰማች።

ዛሬ ጠዋት በር ላይ አገኘኋት። «ልጄ፣ ሰኞ ምን ልታደርጊ ነው?» አልኳት።

«ትናንት ቁጭ ብዬ አነበብኩት፣ ጋሼ።»

«እና?»

«አንድ ስህተት አገኘሁበት። ስለ ዱካው ብቻ ተጨንቆ ደወሉን እዚያው ኋላ ትቶታል። ከሥዕሉ በፊት አመጣሁት።»

«አልሰረዝሽውም?»

«ኧረ ምን በወጣው!»

«ማን ነው የነካው ቢሉሽስ?»

«እኔ ነኝ እላቸዋለኋ» አለችኝ። «ከዚያ ምሳዬን እበላለሁ።»

ክቡር ኃላፊ፣ ሰኞ መጠየቅ አያስፈልግዎትም። መልሱን በሕዝብ ፊት ሰምተዋል።

አንተ ግን ሂድ፣ ወንድሜ። እንደ ማሽን አጥፍተን አናስነሳህም፤ እሱን ብንችል ኖሮ ከማንም በፊት አንተን እናስነሳ ነበር። ስህተትህን ልጅህ አግኝታዋለች። ታርሟል። ስትሰማ «ምን ፈልጋ ነው?» ትል እንደነበር አውቃለሁ። ከዚያ ግን ትደሰት ነበር።

ደህና ሁን።