የሳዲቅ መረብ

ባለፈው ሐምሌ ለሥራ በጣና ሐይቅ ዳር ያለችው ደልጊ ደርሼ ወደ ባሕር ዳር የሚሄደውን ጀልባ ስጠብቅ፣ ሁለት ሰዎች ሲሟገቱ አገኘሁ። አንደኛው አቶ ቢያዝን የተባሉ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ናቸው። ሁለተኛዋ የወንድማቸው ልጅ ፀደንያ፣ ስለ ዓሣ ተምራ የተመለሰች ወጣት ናት። ወሩ ዓሣ እንቁላሉን ሊጥል ወደ ወንዝ የሚወጣበት ነው፤ ሽማግሌው ግን መረባቸውን በወንዙ አፍ ሊዘረጉ ተነሥተዋል።

«ጋሼ፣ እስከ ጥቅምት ይታገሡ። የዛሬዋ አንዲት ዓሣ ለከርሞ ስንት ትሆናለች» አለች በትሕትና።

«ላም አለኝ በሰማይ! አምናም ታገሡ ተባልን፤ ታገሥሁ። ሳዲቅ ግን አጠመደ።»

ሳዲቅ ጎረቤታቸው ነው። ስሙን ሲጠሩ ፊታቸው ጠቆረ። ቅናት መሆኑ አልጠፋኝም፤ እኔም ጎረቤቴ ቤቱን ባሳደሰ ቁጥር ምግብ አልበላ የሚለኝ ሰው ነኝ።

«ሲያጠምድ አይተውታል?» አለች ፀደንያ።

«ጀልባው ከቦታዋ አልነበረችም! እኔ ተርቤ ያተረፍሁትን ዓሣ እሱ ይብላው?»

«እርስዎስ እስከ መጨረሻው ታገሡ?»

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሁለት ሳምንት ታገሥሁ። ከዚያማ... እሱ ሳይቀድመኝ ብዬ...»

«እሱም ‹ቢያዝን ሳይቀድመኝ› ነው የሚለው።»

እዚህ ላይ የሚሰማኝን ልናገር። ሕዝባችን ቆይቶ የሚመጣ ጥቅም አይገባውም የሚሉ ይሳሳታሉ። ገበሬው ልጆቹ እየራባቸው እንኳ ዘሩን አፈር ላይ ይበትናል፤ ማሳው የራሱ ነውና። ሐይቁ ግን የሁሉም ስለሆነ፣ የታገሠ ሰው ለጎረቤቱ የደገሰ ይመስለዋል።

ፀደንያ ይህን አውቃ ኖሯል። «እንግዲያው የእርስዎ መረብ እስከ ጥቅምት ሳዲቅ ቤት ይቀመጥ» አለች።

«መረቤን? ለሳዲቅ?»

«የሳዲቅም እርስዎ ቤት።»

«መረቡ ሁሉ?» አሉ ሽማግሌው።

«ሁሉም። እሱ እሺ ብሏል።»

«የእሱ መረብ የሚቆለፍበት ቁልፍስ?»

«በእርስዎ እጅ።»

«እንዲያ ከሆነማ!» አሉና ልባቸው በደስታ ተሞላ። ምቀኝነታቸው አልለቀቃቸውም፤ ጥበቃ ሆኖ ሥራ አገኘ እንጂ። ኋላ እንደ ሰማሁት፣ ያን ክረምት ሁለቱም ከማሳቸው ባስቀመጡት በቆሎ ቤተሰባቸውን አቆዩ፤ አንዱ የሌላውን ጀልባ ሳያይ የዋለበት ቀን አልነበረም። ሌሎች አጥማጆችም እንደ እነሱ መረብ ተለዋወጡ።

በኅዳር ስመለስ፣ እንቁላሉን ጥሎ ወደ ሐይቁ የተመለሰው ዓሣ ደልጊ ላይ በዝቶ ነበር፤ የሚሸጠውም የሚበላውም ለሁሉም ተርፏል።

«ታዲያ የከርሞውን ተስፋ አመኑ?» አልኋቸው።

«አላመንሁም» አሉ አቶ ቢያዝን። «ያመንሁት የሳዲቅን ባዶ ጀልባ ነው።»