የሸማ ተራዋ ፋኖስ

ሥራዬ ብየዳ ነው። ባለፈው ሸማ ተራ ውስጥ የድሮ ፎቅ ያላቸው ጋሼ መኮንን ጠሩኝና፣ «ይቺን ፋኖስ ቆርጠህ አንሳልኝ፤ ሥሯ ዝጓል፣ አንድ ቀን ሰው ላይ ትወድቃለች» አሉኝ። አባታቸው ከፎቁ ሥር ካለው ሱቃቸው ፊት ያስተከሏት፣ ጫፏ ላይ ባለመስታወት ፋኖስ ያለባት የብረት ምሰሶ ናት። መብራት ካቆመች ብዙ ዘመኗ ነው። ገና መቁረጫዬን ሳስነሳ፣ እሷን ተደግፈው ነጠላ የሚሸጡት እትዬ ዘነበች ብድግ ብለው ጥምጥም አሉባት።

«መጀመሪያ እኔን ቁረጠኝ! ደንበኞቼ የሚያገኙኝ በእሷ ነው!»

«እትዬ፣ እኔ እኮ የታዘዝኩትን ነው» አልኩ፤ እጄ ግን አልታዘዝ አለኝ።

ጋሼ መኮንን፣ «ለማትበራ ፋኖስ ይሄ ሁሉ?» እያሉ ከሱቅ ሲወጡ ስልካቸው ጮኸ። ጨርቅ የጫነላቸው ሹፌር መንገድ ጠፍቶበታል። «ምን አስቸገረህ?» ብለው ጮኹበት። «ፋኖሷ የት ናት በል፣ ማንም ያሳይሃል!»

ሰፈሩ በሳቅ ፈረሰ። ጋሼ ስልኩን እንደያዙ ትንሽ ደነገጡ፤ ከዚያ ራሳቸውም ሳቁ። «በቃ፣ ሥሯን በይድልኝ፤ ኤሌክትሪክ የሚሠራም ሰው ፈልግ» አሉኝ።

ዝገቱን አውጥቼ በአዲስ ብረት በየድኳት። ጓደኛዬ ሽቦዋን ቀየረ። አመሻሽ ላይ ስትበራ ተራው ሁሉ አጨበጨበ፣ እትዬ ዘነበች እልልታቸውን አቀለጡት። ወዲያው ግን አንዱን ነጠላ ወደ ብርሃኑ ዘርግተው አዩና ጠሩኝ።

«አንተ ልጅ፣ አበዛኸው! የጥለቱ ስህተት ሁሉ ታየ እኮ!»